ሰነቴን በባዶ ሆድ

ረቡዕ፣ ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት፤ ደሎ መና

አይሱዙው ገና ሳይነሳ መዳፌ አልቧል። ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ተማሪዎቼ ይህን አያውቁም። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ስለ ስበትና ስለ ፍጥነት ሳወራ ድምፄ ወፍራም ነው። ገደል አፍ ላይ፣ የሌላ ሰው እግር ፍሬን ላይ ሲሆን ግን ያ ድምፅ የት እንደሚገባ አላውቅም። ዛሬ ደግሞ የምፈራው መንገዱን ብቻ አይደለም።

ጭኔ ላይ የተቀመጠችው ልጄ ሶስና ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው። ስትወለድ ምጡ ረዝሞ አየር አጥሯት ነበር። ከዚያ ወዲህ የእግሯ ጡንቻ እንደተወጠረ ቀረ። ጉልበቶቿ ይጋጫሉ፤ ተረከዟ መሬት አይነካም። በጣቶቿ ጫፍ ቆማ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ከአልጋዋ እስከ በር ድረስ ትሄዳለች። ንግግሯም ይጎተታል፤ ታግሶ ለሰማት ሰው ግን ምላሷ ስለት ነው። ነገሩን ሁሉ ለማወቅ ጫማዋን ማየት ይበቃል። የፊቱ ጫፍ በሁለት ወር ተበልቶ ያልቃል፤ ተረከዙ ግን ከሱቅ እንደወጣ ነው።

ሮቤ ላይ አንድ የአጥንት ሐኪም አይቷት ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣ የሐኪሞች ቡድን ለአንድ ሳምንት ጎባ ተቀምጦ እንደ እሷ ያሉ ልጆችን ቀዶ ጥገና እንደሚያደርግ ነገረን፤ ስሟንም መዘገበ። ተራዋ ነገ ሐሙስ፣ ጠዋት ሶስት ሰዓት ላይ ነው። ሐሙስ የመጨረሻ ቀናቸው ነው።

«ጅማቷን እናረዝማለን» አለኝ ሐኪሙ ያን ቀን። «ችግሩ ያለው አንጎሏ ላይ ነው፤ እሱን አንነካም። ስለዚህ ትድናለች ብላችሁ አትጠብቁ። ተረከዟ መሬት ከነካ ግን መቆም ይቀላታል።»

«ጅማቱ ከሚገባው በላይ ቢላላስ?»

«ጉልበቷ ሊከዳት ይችላል። እንዳይሆን ነው የምንጠነቀቀው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ከአልጋ እስከ በር ስድስት እርምጃ ነው። እነዚያን ስድስት እርምጃዎች ለማግኘት ሶስት ዓመት ፈጅቶባታል። የተሻለ እናገኛለን ብለን ሄደን ያለውንም አጥተን ብንመለስስ? ባለቤቴ አልማዝ አራስ ናት፤ ልትመጣ አልቻለችም። በር ላይ ስትሸኘን «አንተ ፈርተህ እንዳትመልሳት» አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ደረት ኪሴ ውስጥ የሮቤዋ ነርስ የጻፈችልኝ ወረቀት አለ። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ልጅቷ ምንም እንዳትቀምስ ይላል። ምክንያቱን በቃሏ ነግራኛለች፤ በሰመመን የተኛ ሰው ካስመለሰው የሆዱ ነገር ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ይገድላል። ወረቀቷን ከቤት እስከ መኪናው አራት ጊዜ አነበብኳት።

ሹፌሩ ጀማል የሪራ ልጅ ነው። ቡናና ማር ያመላልሳል፤ እኛን ጋቢና ያስቀመጠን ወንድሙን ስላስተማርኩለት ነው።

«ቲቸር፣ በሩን ይያዙት እሺ? አንዳንዴ ራሱ ይከፈታል።»

ሶስና ሳቀች። እኔ በሩን በሁለት እጄ ያዝኩ።


ረቡዕ፣ ረፋድ፤ ሃረና ጫካ

ጫካው ውስጥ ፀሐይ ወጣች አልወጣች ያው ነው። ቀይ መንገድ፣ ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ፣ ከቅርንጫፎች የተንጠለጠለ ነጭ ጢም የመሰለ የዛፍ ሽበት፣ ዛፍ ጫፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ። ከመንገዱ ዳር ሴቶች የጫካ ቡና በሸራ ላይ ዘርግተው ጉሙ እስኪገለጥ ይጠብቃሉ። ጀማል መስኮቱን ዝቅ እያደረገ ለሁሉም «አከም ቡልተን?» ይላል፤ ሁሉም ይመልሱለታል። ሶስናም ከእሱ ተምራ ለአንድ ጦጣ «አከም ቡልተን» አለችው።

«እዚህ አንበሳ አለ ይባላል፣ እውነት ነው?» ስል ጠየቅሁ። ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

«አለ እንጂ ቲቸር። ጎፈሩ ጥቁር ነው። ባለፈው ክረምት አንዱ እዚህ ኩርባ ላይ ተኝቶ አላሳልፍ ብሎኝ...»

«ተወው፤ ተወው ጀማል።»

«ይጨርስ» አለች ሶስና።

ታሪኩ ሳያልቅ መኪናው ቆመ። አንድ ትልቅ ዝግባ ከነስሩ ተነቅሎ መንገዱን ዘግቶታል። ከወዲያ ማዶ ሚኒባስ ቆሟል፤ ከወዲህ እኛና ሁለት ሞተር ብስክሌት። ሰዎች መጥረቢያ ሊያመጡ ወደ መንደር ሄዱ። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ሰዓት ከሩብ። አሁንም ጊዜ አለ አልኩ። ስድስት ሰዓት ሲሆንም ጊዜ አለ አልኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ማለቱን ተውኩት።

ሶስና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሙዝ እየበላች መጥረቢያውን በዓይኗ ትከተላለች። ስንት ምት እንደመቱ ትቆጥራለች፤ ከመቶ በላይ ስለማትችል ከመቶ በኋላ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። አንድ ሰው ሊያጫውታት ቀርቦ «እግሯ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እሷን ትቶ እኔን መጠየቁ አስከፍቷት መሰለኝ፤ «እኔን ጠይቀኝ» አለችው፣ እየጎተተች። ሰውየው ደንግጦ ይቅርታ ጠየቃት።

መንገዱ ሲከፈት አስር ሰዓት አልፏል። ጀማል ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው አየ። ጉም ወርዶ ጫካውን እስከ ወገቡ ውጦታል።

«ቲቸር፣ ዛሬ ሰነቴን አንሻገርም። ሰነቴ ላይ ጉም ሲወርድ የመኪናው አፍንጫ እንኳን አይታይም። ሪራ አክስቴ ቤት አድረን በሌሊት እንነሳ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጎባ ነን፣ ኢንሻ አላህ።»

«ካልደረስንስ?»

«ኢንሻ አላህ አልኩ እኮ።»


ረቡዕ፣ ማምሻውን፤ ሪራ

የጀማል አክስት ቤት የቀርከሃ ነው፤ ግድግዳው እንደ ሰፌድ የተጎነጎነ፣ ወለሉ ጭቃ። መንደሩ ሁሉ ሴትዮዋን አኮ ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እኛም አኮ አልናቸው። ከደጃፍ ሲያዩን በቀጥታ ወደ ሶስና ሄዱና ሁለቱን እግሮቿን በመዳፋቸው ያዙ። ቀዝቅዘዋል። እሳት ዳር አስቀምጠው እስኪሞቁ ድረስ አሹላት፤ ማን ናት፣ ምን ሆና ነው ብለው አልጠየቁም።

የገብስ ገንፎ መጣ፤ መሐሉ ቅቤ፣ ዳሩ ማር። ሶስና ስትበላ ማንኪያው ከእጇ ይንሸራተታል፤ አኮ ጣታቸውን ከጣቷ ስር አድርገው ደገፉላት እንጂ ቀምተው አላጎረሷት። ይህን ነገር የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በጣም ወደድኳቸው።

ከራት በኋላ ወረቀቴን አወጣሁ። አኮ አማርኛ ብዙም አይችሉም። እኔ ደግሞ እዚህ አገር ስድስት ዓመት ኖሬ ኦሮምኛዬ ከገበያ አያልፍም፤ አፍራለሁ። ስለዚህ ለጀማል ነገርኩት፤ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ እንደ ክፍል ውስጥ፣ ነጥብ በነጥብ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብ የለም። ወተት የለም። ማር የለም። ካስመለሳት ወደ ሳንባዋ ይገባል። ልትሞት ትችላለች። «አንድ በአንድ ንገርልኝ» አልኩት።

ጀማል ወደ አኮ ዞረ፤ አንገቱን ደፋ አደረገ፤ የሆነ አጭር ነገር ተናገረ። አኮም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኼው ነው?» አልኩ። «እኔ ብዙ ነው የተናገርኩት።»

«ገብቷቸዋል ቲቸር።»

ያን ጊዜ እንደገና ብጠይቅ ኖሮ። ግን ደክሞኝ ነበር፤ የሰው ቤት ደግሞ ነው፤ እህሉን በልቼ ሴትዮዋን መፈተን መሰለኝ። ተኛሁ፤ ማለቴ፣ ተጋደምኩ።


ሐሙስ፣ ሊነጋጋ ሲል፤ ሪራ

አስራ አንድ ሰዓት ላይ አይሱዙው በብርድ ደንዝዞ አልነሳ አለ። ጀማል ጠራኝ፤ ሁለት ጎረቤቶችም መጡ፤ ወደ ቁልቁለቱ ገፋነው። ሶስናን ከአኮ ጋር እሳት ዳር ትቻት ወጣሁ። አስር ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመለስ ጋቢ ተከናንባ ዝግጁ ሆና ጠበቀችኝ። አኮ ግንባሯን ይዘው ዱዓ እያደረጉላት ነበር። እኔንም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አይዞሽ በላት» አሉኝ በአማርኛ። «አንተም አይዞህ።»

ለካ ፊቴ ላይ ይታያል።


ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ ሰነቴ

ዳገቱ ላይ ኩርባውን መቁጠር የጀመርኩት ዓይኔን ከገደሉ ለማንሳት ነው። ከዚያ ድንገት ዳገቱ አለቀ፤ ዛፍም አለቀ። ሰነቴ ሜዳ ነው፤ ሰማይ የተጠጋ ሜዳ። ሳሩ ላይ ውርጭ ነጥቷል። ጅብራዎች አንድ በአንድ ተራርቀው ቆመዋል፤ ከጉሙ ብቅ ሲሉ ሰው እየመሰሉኝ ደነገጥኩ። ከኩሬዎቹ ላይ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ይነሳል። በቀኝ በኩል የቱሉ ዲምቱ ተራራ አናቱን ደብቆ ተኝቷል። ትንፋሼ አጠረኝ፤ የከፍታው ይሁን የፍርሃቱ አልለየሁም።

«ቀበሮ» አለች ሶስና።

ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ዳር የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አፍንጫውን ደግኖ ይጠብቃል። ጀማል መኪናውን አቀዘቀዘላት። አንድ ዓይነት ሰላም ወረደብኝ። እናልፈዋለን፣ እንደርሳለን፣ ይሄ ቀን ያልቃል ብዬ አሰብኩ።

ያኔ ሶስና «አባዬ... ሆዴ» አለች።

በሩን ከፍቼ ወደ ውጪ ሳዘነብላት አስመለሳት። ውርጩ ላይ ነጭ ነገር ፈሰሰ፤ ይተናል። ወተት ነው። ማሩም ይሸታል።

አገጯን ይዤ ቀና አደረግኳት። «ሶሲ፣ ምን ጠጣሽ? መቼ?»

ከንፈሯን በእጅጌዋ ጠረገች። «አኮ... ሰጡኝ። ለማንም... አትንገሪ አሉኝ።»

ጀማል መሪው ላይ ግንባሩን አስደገፈ። መኪናው ቆሟል።

«ቲቸር፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ሳይዞር። «እኛ ጋ ሰነቴን በባዶ ሆድ አይሻገሩም። ከሪራ የሚወጣ ሰው ጠላት ቢሆን እንኳ ወተት ሳይጠጣ አይሸኝም። ድሮ በእግርና በፈረስ ሲሻገሩ ብርዱ የገደለው ብዙ ነው። እኔ ደግሞ ታላቄን፣ አሳዳጊዬን፣ እንግዳ አያብሉ ብዬ ልናገር? አፌ እምቢ አለኝ። 'ጠዋት ብዙ አትበላም' ብቻ አልኳቸው።»

«ልትሞት ትችላለች የሚለውስ?»

«በሌሊት፣ ልጅቷ ፊት፣ ሞት የሚል ቃል... ወላሂ አልቻልኩም።»

ልጮህበት ነበር። አልጮህኩም። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛሬ የመጨረሻ ቀናቸው ነው። ተራ ያለፈው ቡድኑ ተመልሶ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ ማንም ቁርጥ አድርጎ አልነገረኝም። እስከዚያ ጅማቷ ይበልጥ ያጥራል፤ አጥንቷ ያድጋል፤ ሐኪሙ እያደር ይከብዳል ብሎኛል።

«ሁሉንም አስመልሳዋለች እኮ» አለ ጀማል ቀስ ብሎ። «ሆዷ ባዶ ነው አሁን። ባይናገሩስ?»

እኔም እሱኑ እያሰብኩ ነበር። ልጄን ዓይኗን አየኋት።

«ሶሲ፣ አኮ ለማንም አትንገሪ ብለውሽ የለ? ጎበዝ። አሁንም ለማንም አትንገሪ።»

እነሆ፣ ጻፍኩት። ይህን የምታነቡ ፍረዱኝ። ያን ጠዋት በአራት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ልጄን ውሸት አስተማርኳት፤ የምገድላት እኔ ልሆን እንደምችል እያወቅሁ።


ሐሙስ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ጎባ

ቁልቁለቱን አላስታውሰውም። ጎባ ስንገባ ፈረስ ጋሪዎች፣ ዳቦ የያዙ ተማሪዎች፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወጣ ጭስ፣ የጸሐይ ብልጭታ። ለሌላው ሰው ተራ ጠዋት ነበር።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አስር የሚሆኑ ወላጆች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። እግሩ እንደ መቀስ የተጣመረ ልጅ አለ፤ እጁ ደረቱ ላይ የተቆለፈ አለ፤ አንገቷን ማቅናት ያቃታት፣ እናቷ አገጯን የያዘችላት ጨቅላ አለች። እስከዛሬ የሶስናን ዓይነት እግር ያለው ልጅ እዚያ አካባቢ እሷ ብቻ ትመስለኝ ነበር። ሶስናም ዞር ዞር ብላ አየችና «ብዙ ነን» አለች።

አንዲት ነርስ መዝገብ ይዛ መጣች።

«ከእኩለ ሌሊት ወዲህ የቀመሰችው ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ። ያ ወፍራሙ ድምፄ ነው የወጣው።

«ውሃም?»

«ውሃም።»

ጻፈች። አረንጓዴ ልብስ አለበሷት፤ ተሽከርካሪ አልጋ ላይ አስተኟት። ጫማዋን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። አልጋው መሄድ ሲጀምር እጇን ዘርግታ እጅጌዬን ያዘች፤ ስትፈራ ጣቶቿ ይበልጥ ይቆለፋሉ፤ ላስለቅቃት አልቻልኩም። ዝቅ አልኩላት።

«አባዬ... ወተቱን ብንነግራቸው... አኮን ይቆጧቸዋል?»

ለራሷ አልነበረም የፈራችው። እኔ ያሸከምኳትን ምስጢር ይዛ፣ አሮጊቷን ለማዳን፣ ወደዚያ በር ልትገባ ነው።

በሩ ጋ አረንጓዴ ቆብ ያደረገች ወጣት ሴት ቆማለች፤ ማደንዘዣ የምትሰጠው ባለሙያ እሷ ናት። አልጋውን በሰውነቴ አስቆምኩት።

«እህቴ፣ ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ወተት ጠጥታለች። አስራ አንድ ሰዓት ላይ። ማር ያለበት ወተት።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

«ምን ያህል?»

«አንድ ጣሳ» አለች ሶስና ከአልጋው ላይ።

«ግን መንገድ ላይ አስመልሳዋለች» አልኩ። «ሁሉንም።»

«ሁሉንም መሆኑን በምን አወቁ?»

ባለሙያዋ የሶስናን ግንባር ዳሰሰች፤ ከዚያ ወደ እኔ ቀረብ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባት፣ ባይነግሩኝ ኖሮ አሁን አስተኛት ነበር» አለችኝ። ይህን ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ፤ ሶስና ሁልጊዜ እንደምትቆመው።

ተመልሳ ስትመጣ ነገሩን አስረዳችኝ። ከወተት በኋላ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ማለፍ አለበት፤ እነሱ ግን ይበልጥ ሊቆዩላት ይፈልጋሉ። ለዛሬ የመጨረሻው ተራ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ እሱን የያዘው ሌላ ልጅ ነው። እናቱ በፈቃዷ ከቀየረች ይቀየራል። እነሱ አያስገድዷትም።

ሴትዮዋ ከድጃ ትባላለች፤ ከአጋርፋ ነው የመጣችው። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ሚፍታህ ጭኗ ላይ ተጋድሟል፤ እግሮቹ ከእሷ እግር ይረዝማሉ። ነገርኳት። የሆነውን ሁሉ፣ ውሸቱን ጭምር።

«እኔ የመጨረሻ መሆኑን የወደድኩት ለምን መሰለህ?» አለች። «የሌሎቹ ልጆች ሲወጡ ላይ ነው። ሲተነፍሱ አይቼ፣ ከዚያ የኔን ላስገባ።»

ምን እላታለሁ? እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው። ላመሰግናትና ልነሳ ስል ከነጠላዋ ጥግ የተቋጠረ ነገር ፈታች። ቁራጭ ቂጣ ነው።

«ከሌሊት ጀምሮ ይዤዋለሁ። ሲያለቅስብኝ ሁለት ጊዜ ወደ አፉ አስጠግቼ መለስኩት» አለችና ቂጣውን ለእኔ ሰጠችኝ። «ያዝልኝ። እኔ ጋ ካለ እሰጠዋለሁ። ይግባ እሺ፤ ቢስሚላህ።»

ሚፍታህ ሶስት ሰዓት ላይ ገባ። ከድጃ መቁጠሪያዋን ስታሽከረክር፣ እኔ ቂጣውንና ጫማውን ይዤ፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አሁን የምፈራው ለሁለት ልጅ ነው። ለእኔ ጥፋት ሲባል ቀድሞ የገባ ልጅ አንድ ነገር ቢሆን በምን ዓይን አያታለሁ? አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተከፈተ። ልጁ እግሩ በጄሶ ተጠቅልሎ፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። ከድጃ ከደረቱ ላይ ጆሮዋን አደረገች። «አልሀምዱሊላህ» ብላ ዞረችና «ያንተንም እጠብቃለሁ፤ አልሄድም» አለችኝ። ቃሏን ጠብቃለች።

ሶስና ሰባት ሰዓት ላይ ገባች። ስለነዚያ ሁለት ሰዓታት ብዙ መጻፍ አልችልም። ጫማዋን አገላብጬ አይ ነበር፤ የተበላውን ጫፍ፣ አዲሱን ተረከዝ። ጀማል መጥቶ ከአጠገቤ ቆመ፤ እኔ አላናገርኩትም፤ እሱም አልሄደም። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል አወጧት። ከጣቶቿ ስር እስከ ጉልበቷ በጄሶ፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ ዓይኗ በግማሽ ተከፍቶ። አፏ ላይ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ርቦኛል» አለች።

ያኔ ነው ያለቀስኩት።


ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ፤ ጎባና ሮቤ

ጄሶው እስኪፈታ ጎባ ቆየን። የተቆረጠው በምትጮህ ትንሽ መጋዝ ነው። ሶስና ጆሮዋን ይዛ ትስቃለች፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሲከፈት ከውስጥ የወጣው እግር የእሷ አልመሰለኝም፤ ቀጭን፣ ቆዳው የተላላጠ። ተረከዟ ግን ሮዝ ነው፤ ለስላሳ፤ የትንሹ ወንድሟ ተረከዝ ቁርጥ።

ሲያቆሟት ጉልበቷ ከዳት። በብብቷ ይዘው አስቀመጧት። የሮቤው ሐኪም «ሊከዳት ይችላል» ያለው ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ እንደገና ተነገረ። ከጎባ ሮቤ ሩቅ አይደለም፤ የስንዴ ማሳው ግራ ቀኝ ቢጫ ሆኖ አምሮበታል፤ እኔ አላየሁትም።

ሮቤ ላይ ያለችው ፊዚዮቴራፒስት የተለካላትን የፕላስቲክ ድጋፍ እግሯ ላይ አሰረችላት። ጉልበቷን ገፋ አደረገች፤ ግፊኝ አለቻት፤ ሶስና ገፋቻት።

«በጄሶ ውስጥ የቆየ ጡንቻ ይደክማል» አለችኝ። «አሁን መፍረድ አይቻልም። በየቀኑ ካሠራችኋት፣ ወራት ይፈጃል። ስድስቱን እርምጃዋን ትመልሳለች ብዬ አስባለሁ። ከዚያ በላይ ያለውን አብረን እናያለን።»

«ታስቢያለሽ?»

«አዎ፣ አስባለሁ። አውቃለሁ ብልዎት እዋሽዎታለሁ።»

ውሸት በበኩሌ በቅቶኛል። ገበያ ገብተን ድጋፉን የሚያስገባ ሰፋ ያለ አዲስ ጫማ ገዛንላት፤ ሰማያዊ፣ ራሷ የመረጠችው። ጀማል አይሱዙውን ከጋሪና ከባጃጅ መሐል አቁሞ ይጠብቀናል።

«ለአኮ ነገርካቸው?» አልኩት፣ መንገድ ስንጀምር።

«አንድ በአንድ ነገርኳቸው ቲቸር። ሞት የሚለውንም። ሁለት ቀን አላናገሩኝም።»


ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ሪራ

ሰነቴ ዛሬ ጠርቷል። ከሪራ በላይ ዝናብ ዘንቦ ነበር፤ የአኮ ግቢ ጭቃ ሆኗል። የመኪናውን ድምፅ ሰምተው ወተት በጣሳ ይዘው ወጡ። ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ግን ቆሙ። ጣሳውን ወደ ደረታቸው መለሱ። ጀማልን አላዩትም፤ እኔን ነው ያዩት።

«ሐኪም... ምን አለ?» አሉ በዚያች ጥቂት አማርኛቸው። «ትጠጣ?»

እኚህ ሴት ለስድስት ሳምንት ምን ይዘው እንደኖሩ ያኔ ገባኝ፤ እኔ የራሴን ፍርሃት ስቆጥር የእሳቸው ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

«ትጠጣ፤ ፈቅዷል» አልኩ። በኦሮምኛዬም አመሰገንኳቸው፤ «ገለቶማ አኮ።»

«ቆሜ ነው የምጠጣው» አለች ሶስና።

አይሆንም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። አልማዝ በር ላይ ያለችኝ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ከጋቢና አውርጄ የቀርከሃውን ግድግዳ አስያዝኳት፤ እጄን ግን ከወገቧ አንድ ጣት ብቻ አራቅሁ። ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። አኮ ጣታቸውን ከጣቶቿ ስር አድርገው ጣሳውን ደገፉላት። ጠጣች። አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት ብዬ በልቤ ቆጠርኩ፤ አስራ አንድ ላይ ጉልበቷ ታጠፈ፤ ያዝኳት። አስራ አንድ ሰከንድ ነው። ነገ ስንት እንደሚሆን አላውቅም፤ ከአስራ አንድ ቢያንስስ ብዬ አሁንም እፈራለሁ።

ማታ ደሎ መና ስንደርስ አልማዝ ልጇን ከእቅፌ ተቀበለችና አልጋ ላይ አስቀመጠቻት። አዲሱን ሰማያዊ ጫማ አየች፤ ተረከዙ ላይ የሪራ ጭቃ ደርቆበታል። በእርጥብ ጨርቅ ልትጠርገው ስትጎነበስ እጇን ያዝኳት።

«ተይው» አልኳት። «ተረከዙን እይው።»